ሳል ያለበት ሸክላ

ሰቨርን ሞልቶ መስኩን በዋጠ በሳምንቱ፣
ዉስተር ላይ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ከፈቱ፤
እርጥብ ሣር ላይ ሸራ፣ ሸራው ላይ ካርቶኑ፣
ካርቶኑ ውስጥ ሸክላ፣ ድርድር በየዘመኑ።

የእንግሊዝ ነው የምለቅመው፣ ሌላውን አልነካም፤
ቪየናን ጠልቼ አይደለም፣ ኪሴ ነው የማይበቃም።
የመንደር መዘምራን፣ የገጠር ኦርኬስትራ፣
ስሙ የተረሳ ሰው የደረሰው ስለ ተራራ፤
ሽፋኑ ላይ ላም፣ ወይ ደመና፣ ወይ የወፍጮ ቤት፣
ጀርባው ላይ በእርሳስ ዋጋው፣ በሽልንግ፣ የተገዛ ዕለት።
«ምን አገባህ ከእነሱ ቫዮሊን?» ይሉኛል። መልስ የለኝም።
አንዱ ቴምብር ይሰበስባል፣ አንዱ ደግሞ ቂም።

በዚያ ጧት አንድ ሽማግሌ ካርቶኑን ከእኔ ፊት
በሁለት ጣት እያገላበጡ፣ ልክ እንደ ዳዊት፣
ከመሀል አንዱን መዘዙ፤ አረንጓዴ ነው ሽፋኑ፣
በዚሁ ካቴድራል የተቀዳ፣ ሕዝብ ባለበት፣
በእነሱ ሃምሳ ስምንት፣ ሲመሽ ቀኑ።

አራት ፓውንድ ከፈሉ፤ ዋጋ አልተከራከሩም።
ሰብሳቢ እንዲህ አይገዛም! ጥቁር ገላዋን አዘንብሎ
ትልሟን ያያል እንደ ገበሬ፣ «እዚህ ጋ ተነክታለች» ብሎ፣
ከዚያ ነው ግማሽ ዋጋ የሚጠራው።

«ይህ የለዎትም ነበር?» አልኳቸው። «አለኝ፣ ሠላሳ አንድ።»
«ሠላሳ አንድ ሸክላ?» «ሠላሳ አንድ ጊዜ፣ ያው አንድ።»

ሚስተር ፔምበርተን ይባላሉ፤ ጓንት ቆራጭ ነበሩ በፊት፤
ቤታቸው ከቦዩ ማዶ፣ ጠባብ ደረጃ፣ ያረጀ ካርቶን የሚሸት።
ሻይ አፈሉ። መርፌውን አኖሩ። ጣታቸውን ሰቀሉ፤
«አሁን» አሉ፤ «ገና ነው» አሉ፤ «ቆይ፣ አሁን» አሉ።

ቼሎው ብቻውን ወርዶ ወርዶ፣ ጭራሽ ሊጠፋ ሲል፣
መዘምራኑ ትንፋሽ ይዘው፣ ካቴድራሉ ሙሉ ጭጭ ሲል፣

እህ! እህ!

አንዲት ሴት ሳለች።
ለስለስ ያለች ሳል፣ በመሀረብ የታፈነች፣
አፍራ፣ «ይቅርታ» እንደማለት፣ ተመልሳ የሸሸች።

«ሚልድረድ» አሉ።

ሳቋ አልተቀዳ፣ ጠቧ አልተቀዳ፣
ስማቸውን ስትጠራ አልተቀዳ፤
ይህቺ ብቻ ቀረች፣ በሰው ሙዚቃ እንግዳ።

«ጋዜጣ ጽፎ ነበር» አሉኝ፣ «‹ውብ ቀረጻ ነው፤
አንዲት ጨዋነት የጎደላት ሳል ናት ያበላሸችው።›
ሰው ይህን አንብቦ ሲሰድባት፣ መርፌ ሲያነሳባት
ይታየኛል። ስለዚህ ባየሁበት ገዝቼ ወደ ቤቷ ልመልሳት።»

በኛ አገር ይህን ዕቃ ሸክላ ነው የምንለው፤
ልነግራቸው ፈለግሁ፣ እንግሊዝኛዬ አልቻለው፦
ሸክላ አፈር ነው፣ ሰውም አፈር፤ ሁለቱም ይሰበራል፤
አንዱ ግን እስኪሰበር የሌላውን ድምፅ ይዞ ያድራል።

በፋሲካ ሰሞን ማልቨርን፣ የዕርዳታ ሱቅ ውስጥ አገኘኋት፤
ሽፋኗ ተቀዷል፤ በሁለት ፓውንድ ገዛኋት።
ስልክ ደወልኩ፤ ይጠራል። ማክሰኞም ይጠራል።
ሐሙስ አንዲት ሴት አነሳች፤ «የእህታቸው ልጅ ነኝ፤ ቤቱ ይሸጣል።
ሸክላዎቹ? አዎ፣ ብዙ ነበሩ፣ የሚገርም ነው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፤
ለየሱቁ በተንናቸው፤ ሰው ይጠቀምባቸው፣ ለበጎ አድራጎት።»

ሠላሳ ሁለት ቦታ! ሚልድረድ ተበተነች፤
በማታውቀው ሰው ሳሎን፣ ማታ ማታ እየሳለች።

ልሰበስባት አሰብኩ፣ እንደሳቸው። አልሄድኩም ግን፤
ዝናብ ነበር፤ ደመወዝም አልወጣ፤ ሌላም ሌላም።
የኔዋን ብቻ አወጣሁ፤ አቧራዋን ጠረግሁላት።

ቼሎው ወረደ፤ ወረደ፤ ጣቴን ሰቀልኩ፤ «አሁን» አልኩ።

እህ! እህ!

«ይማርሽ» አልኳት፣ እንደኛ ወግ፤ ካልኩ በኋላ ደነገጥኩ፦
ለታመመም ይማርሽ ነው፣ ለሞተም ነፍስ ይማር፤
መዘምራኑ ተነፈሱና ቀጠሉ፣ ምንም እንዳልነበር።